ወደ ውጭ የሚከፈት በር

በያጇን ከሱቋ ሲያወጧት መጀመሪያ የሰበሩት የግራ እጇን ትንሿን ጣት ነው። ምክንያት አልነበራቸውም። "ነይ ውጪ" አሏት፤ "መጣሁ" አለች፤ የብየዳ መነጽሯን ልታነሳ እጇን ወደ ጠረጴዛው ስትሰድ ከአራቱ አንዱ፣ ቀይ ሹራብ የለበሰው፣ በጠመንጃው ሰደፍ እጇን ከጠረጴዛው ጋር ወቀጠው። ጣቷ ቀጭ ሲል ሰማችው፤ ሕመሙ ግን ትንሽ ዘግይቶ ደረሰ።

"ቀኟን እንዳይሆን!" አለ አለቃቸው ከደጃፉ ሳይገባ።

"ግራዋ ነው ጌታዬ።"

"እንግዲያው ምንም አይደል።"

በያጇ አልጮኸችም። ጀግና ስለሆነች አይደለም፤ ትንፋሽ አጥሯት ነው። ጠረጴዛው ሥር ቁጢጥ እንዳለች በሆዷ "ጌታ ሆይ፣ አሁንስ ቶሎ በል" አለች። ጸሎቷ ይኸው ነበር። እናቷ ስትጸልይ ተንበርክካ፣ አመስግና፣ ኃጢአቷን ተናዝዛ ነው ወደ ጉዳይዋ የምትገባው። ልጅቷ ግን ከሕፃንነቷ ጀምሮ እግዚአብሔርን የምታነጋግረው ሥራ እንደሚያጓትት ባልደረባ ነው። "አንቺ ልጅ፣ ከፈጣሪ ጋር እንዲህ ይወራል?" ስትላት፣ "ሥራ አለብኝ እማዬ፣ እሱም ያውቃል" ትላት ነበር።

ታጣቂዎቹ ከተማዋን ከያዙ ሦስተኛ ቀናቸው ነው። መብራት ከጠፋ ደግሞ አራተኛው። በኤሌክትሪክ የሚሠሩት ሱቆች ሁሉ ተዘግተዋል፤ ብረት በእሳት የምትቆርጥበት ካርባይድና ኦክስጅን የቀራት እሷ ብቻ ናት። ይህን የነገራቸው ሰው አለ። ሲመጡ ሰፈሩን አላዳረሱም፤ ቀጥ ብለው ነው የመጡባት።

"የጸሎት ቤቱን በር ትቆርጪልናለሽ" አላት አለቃው። ጢሙን ሙልጭ አድርጎ የተላጨ፣ ሲያዩት ርዕሰ መምህር የሚመስል ሰው ነው። "ውስጥ ያለውን ዱቄት ሳናቃጥል መግባት እንፈልጋለን።"

"ዱቄት ብቻ ከሆነ ጠይቋቸው፣ ይሰጧችኋል።"

"ጠየቅን። ክፈቱ አልን፣ አንከፍትም አሉ። አሁን ነገሩ የዱቄት ብቻ አይደለም።"

አለመሆኑን ታውቃለች። ከትናንት ወዲያ የትምህርት ቤቱን መጋዘን ሰብረው ሲገቡ፣ ከውስጥ ያገኙትን ሃያ ስምንት ሰው ግድግዳ ሥር አሰልፈው ነው የጨረሱት። ትናንት ጠዋት በሱቋ ፊት ያለፈው የአሸዋ መኪና የጫነው አሸዋ አልነበረም። በጸሎት ቤቱ ውስጥ ደግሞ አርባ ሦስት ሰው ተሸሽጓል። ከአርባ ሦስቱ አንዷ እናቷ ናት።

በሩን የሠራችው ራሷ ናት። ሕንፃው ድሮ የጥጥ መጋዘን ነበር፤ ግድግዳው ክንድ ሙሉ ውፍረት ያለው ድንጋይ፣ መስኮቱ ከጣራው ሥር ያለ ጠባብ ስንጥቅ። ምእመናኑ ገዝተው ጸሎት ቤት ሲያደርጉት አሮጌውን የእንጨት በር ጥለው የብረት አዘዟት። ንድፉን ይዛ ስትሄድ የጸሎት ቤቱ ሽማግሌ አልቀበልም አላት።

"ይህ ወደ ውስጥ ነው የሚከፈተው። እሳት ቢነሳ ሰው ወደ በር ነው የሚጋፋው፤ ወደ ውስጥ የሚከፈት ከሆነ እላዩ ላይ ተረጋግጦ ያልቃል። ወደ ውጭ አድርጊልን።"

"ጋሼ፣ ወደ ውጭ ከሆነ ማጠፊያውም ውጭ ይሆናል። ውጭ ያለ ማጠፊያ ደግሞ የፈለገ ሌባ መጥቶ ይቆርጠዋል።"

"ሌባ እዚህ ገብቶ ምን ሊወስድ ነው? አግዳሚ ወንበር?"

ሳቁባት። እናቷም አብራ ሳቀች። የፈሩት እሳትን ነበር፤ ሰው ማን ፈራ! ሦስት ማጠፊያዎች፣ እያንዳንዳቸው አውራ ጣት የሚያህሉ፣ ከውጭ በኩል ተበየዱና ከበሩ ጋር አንድ ዓይነት አረንጓዴ ቀለም ተቀቡ። በቁልፉ በኩል ግን ሰይጣንም አይደፍረው፤ የእጅ አንጓ የሚያህሉ ሦስት መወርወሪያዎች ከውስጥ ተጋድመዋል፣ እነሱን የሸፈነው ላሜራም ድርብ ነው። በቁልፉ በኩል ለመቁረጥ ሦስት ሰዓት አይበቃም። በማጠፊያው በኩል አሥራ ሁለት ደቂቃ ነው።

ይህን ከእሷ በቀር የሚያውቅ እዚያ ያለ አልመሰላትም።

ጋሪውን እሷው እንድትገፋ አደረጓት። የኦክስጅኑ ሲሊንደር፣ የካርባይዱ በርሜልና የተጠቀለለው ጎማ ተጭነውበት፣ በአንድ ደህና እጅና በደረቷ እየገፋች መንገዱን ያዘች። የፋርማሲው ባለቤት ደጃፉ ላይ በደረቱ ተደፍቷል፤ ነጭ ጋዋኑ ጀርባው ላይ ጠቁሯል። ሚስቱ አጠገቡ ተቀምጣ ዝንብ ታባርራለች። ቀይ ሹራቡ ሲያልፍ "ተነሺ ከዚህ" አላት። አልተነሳችም። በእርግጫ ፊቷን ብሎ አለፈ። ሴትዮዋ ከወደቀችበት ቀና ብላ፣ ደሟን እንኳ ሳትጠርግ፣ ዝንቧን ማባረር ቀጠለች።

በያጇ ዓይኗን የኦክስጅኑ መለኪያ ላይ ተከለች። መርፌው ከሩብ ትንሽ ከፍ ብሏል። በቁልፉ በኩል ከጀመረች አንዱን መወርወሪያ እንኳ ሳትጨርስ ያልቃል። በከተማው ሌላ ኦክስጅን የለም፤ የሆስፒታሉም እነዚህ ሳይመጡ በፊት ነው ያለቀው። እሷን ይገድሏት ይሆናል፤ በሩ ግን ይቆማል። ሐሳቧ ይኸው ነው። ብልሃት ነው ብላ የምትኩራራበት አልነበረም፤ ሌላ ስላልነበራት ነው። "ጌታ ሆይ" አለች እየገፋች፣ "ማጠፊያውን ማንም አይይብኝ። ሌላ አልጠይቅህም።"

የጸሎት ቤቱ ደረጃ ላይ ሌሎች አምስት ታጣቂዎች ተቀምጠው ሲጋራ ያጨሳሉ። የጋሪው ድምፅ ሲሰማ ከላይ ከመስኮቱ ስንጥቅ አንድ ክንድ ነጭ መሐረብ ይዞ ወጣ። የሽማግሌው ድምፅ ተከተለው።

"ልጆቼ፣ እባካችሁ እንነጋገር። ዱቄቱን እየቋጠርን በመስኮቱ እንወረውርላችኋለን።"

ቀይ ሹራቡ አለቃውን ቀና ብሎ አየው። አለቃው አልከለከለውም። ጥይቱ የሽማግሌውን መዳፍ ከመሐሉ በረቀሰው፤ መሐረቡ ደም ነክቶት እያረገረገ ወረደ፤ ክንዱ እያንጠባጠበ ወደ ውስጥ ተሳበ። ውስጥ የሆነ ሰው ጮኸ፣ ጸጥ አለ፣ ቀጥሎ መዝሙር ተጀመረ። በያጇ የእናቷን ድምፅ ለየችው። እናቷ ስትዘምር ሁልጊዜ ከሌላው ሰው ቀድማ ነው የምትገባው፤ በዚህ ስንት ዓመት ተሳቀባት።

"ሬዲዮ ይዘው ነው እንዴ የገቡት?" አለ አንዱ። ደረጃው ላይ ያሉት ተንከተከቱ።

ጋሪውን በቁልፉ በኩል አቆመችና መሣሪያዋን ማሰናዳት ጀመረች። ካርባይዱን በርሜሉ ውስጥ ጨመረች፣ ውሃ ለቀቀችበት፣ ጋዙ መንሾክሾክ ያዘ። ከበርሜሉና ከጎማው መካከል አንዲት ቆርቆሮ አለች፣ ግማሽ ድረስ ውሃ የምትይዝ። እሳት በጎማው ወደ ኋላ ቢመለስ እዚያ ውሃ ውስጥ ገብቶ ይሞታል። ውሃው ከሌለ በርሜሉ ቦምብ ነው። በዚህ የተነሳ አባቷ በሱቁ አንድ ሕግ ነበረው። የሚለኩስ ሰው ብቻውን አይለኩስም፤ ከኋላው የቆመ ሌላ ሰው ሁሉን በዓይኑ ፈትሾ "ልክ ነው" ካላለው ክብሪት አይጭርም። አባቷ ከሞተ ሁለት ዓመቱ ነው፤ እሷ ግን ብቻዋን ስትሠራ እንኳ ወደ ኋላ ዞር ሳትል መለኮስ አይሆንላትም። ቆርቆሮዋን ሞላችና አሁንም ዞር አለች። ከማን ምን ጠብቃ እንደሆነ እሷም አታውቅም።

"ልክ ነው" አላት አንድ ድምፅ።

ሞረድ ነበር። ከአምስቱ አንዱ። እስካሁን ፊቱን በሻሽ ሸፍኖ ስለነበር አላየችውም። ስምንት ዓመት ሙሉ በአባቷ ሱቅ ብረት እየሞረደና ቀለም እየቀባ የኖረ ሰው ነው፤ ቅጽል ስሙንም ያወጣለት አባቷ ነው። ከገበታቸው በልቷል። አባቷ ሲቀበር ሬሳ ሳጥኑን ከፊት የተሸከመው እሱ ነው። አሁን ትከሻው ላይ ጠመንጃ አለ።

"ደህና ነሽ፣ እህት ዓለም?"

"እንዳየኸኝ።"

"እጅሽን ምን ነካው?"

"ጓደኛህን ጠይቀው። ሱቄንም ያሳየሃቸው አንተ ነህ መሰለኝ።"

"ስንት የማታውቂው ነገር አለ" አለ ሞረድ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ቤተሰብ አለኝ። ዝም ብለሽ ሥራሽን ሥሪ። አንቺ እኮ አፍሽ አያርፍም፤ አባባ ቢያይሽ።"

"አባባ ቢያይህስ?"

ሞረድ ቀና አለ። ዓይኑ ከእሷ አልፎ፣ ከመቁረጫው አልፎ፣ በበሩ ማዶ በኩል ሄዶ አረፈ። ማጠፊያዎቹን የቀባው እሱ ነው። የበሩን ሌላኛውን ጫፍ ይዞ ቦታው ላይ ያቆመውም እሱ ነው። ክብሪቱን ጫረችና መነጽሯን አወረደች፤ ከዚያ በኋላ ፊቱን ማየት አልፈለገችም።

መቁረጥ ጀመረች። በቁልፉ በኩል። የተሰበረው ጣቷ አብጦ ጎማውን መያዝ ስላቃታት በክርኗ ደግፋ፣ እጇ የፈቀደላትን ያህል እየጎተተች፣ ብልጭታው ጫማዋ ላይ እየረገፈ። አሥር ደቂቃ። ሃያ። ብረቱ ቀልቶ ይንጠባጠባል፣ ከሥሩ ሌላ ብረት ይመጣል። ሞረድ ከኋላዋ ቁጢጥ ብሎ ያጨሳል። አልተናገረም። ግማሽ ሰዓት ሲሆን አሁንም አልተናገረም። ለካ ጌታ ሰምቷታል፤ ለካ ይህን ሰው እዚህ ያስቀመጠው በምክንያት ነው። የመለኪያው መርፌ እየወረደ ነው። አምስት ደቂቃ፣ ቢበዛ አሥራ አምስት ቀርቷታል። ውስጥ መዝሙሩ አላቋረጠም፤ እናቷ አሁንም ከሰው ቀድማ ትገባለች።

አለቃው ሰዓቱን አየ።

"አንተ" አለው ሞረድን። "ከእሷ ጋር ሠርቻለሁ አላልክም? ይህን ያህል ጊዜ ይፈጃል?"

"ብረቱ ወፍራም ነው ጌታዬ።"

"መቼ ያልቃል?"

"እንጃ።"

አለቃው ሽጉጡን አውጥቶ፣ ሳይቸኩል፣ አፈሙዙን የሞረድ ጆሮ ቀዳዳ ላይ ገጠመው። "ትናንት ሱቋን አውቃለሁ ስትለኝ እንጃ አላልክም። ዛሬ ነው እንጃ የመጣው? እስከ ሦስት እቆጥራለሁ። አንድ።"

በያጇ መቁረጫውን ዘጋች። ዞር አለች። ሞረድ ላብ አጥምቆታል፤ ወደ እሷ አላየም። ሲጋራ በያዘበት እጁ ወደ በሩ ማዶ ጠቆመ።

"በዚያ በኩል ነው የሚቆረጠው። ማጠፊያው ውጭ ነው።"

ከዚያ በኋላ የሆነው በቅደም ተከተል አይታወሳትም። መነጽሯን ፊቷ ላይ እንዳለ በሰደፍ ሰበሩት፤ ስባሪው ቅንድቧን ቀደደው። ወደቀች። ጎኗን ረገጧት፣ አንድ ቦታ ውስጧ ተሰነጠቀ፣ ትንፋሽ ልትስብ ስትል ቢላ ሆነባት። ሁለት ጥርስ ከደም ጋር ተፋች። አለቃው ወደ እሷ ጎንበስ ብሎ ረጋ ባለ ድምፅ "ውሸታም አልወድም" አላት፤ ቀና ብሎም በጫማው አፏን መታት። ቀይ ሹራቡ በፀጉሯ አንስቶ ጋሪው ላይ ወረወራት። ጋሪው ተናጋ፣ የውሃዋ ቆርቆሮ ተንጋለለች፣ ውሃው በድንጋዩ ንጣፍ መካከል እየተንኳለለ ወደ ቦዩ ሄደ። በያጇ ከጋሪው ላይ ተንሸራትታ ግድግዳው ሥር ቀረች። ጉንጯ መሬት ላይ ነው። ውሃው በአፍንጫዋ ሥር ሲያልፍ አየችው።

"አንተ ቁረጠው" አለ አለቃው።

ሞረድ ጠመንጃውን አስቀመጠ። አባቷ በስምንት ዓመት አንድ ቀን መቁረጫ አላስያዘውም፤ "እጅህ ይሮጣል" ይለው ነበር። ግን ስምንት ዓመት አይቷል። ጋሪውን ወደ ማጠፊያዎቹ ገፋ። ቆርቆሮዋን አንስቶ ቦታዋ ላይ አቆማት። ውስጧን አላየም። በርሜሉን አናወጠ፣ ካርባይድ ጨመረበት፣ ከሚገባው በላይ ጨመረ፣ ጋዙ በጎማው ውስጥ ተንፈቀፈቀ። አለቃው ለማየት ቀረብ አለ። ቀይ ሹራቡም ከጎኑ ቆመ። ሌሎቹ በሩ ሲወድቅ ቀድመው ለመግባት ጠመንጃቸውን እያቀባበሉ ከኋላ ተጠጉ። ውስጥ ያሉት መቁረጫው ቦታ እንደቀየረ ገብቷቸው ሳይሆን አይቀርም፣ መዝሙሩ ተቋረጠ። ሕፃን አለቀሰ፣ አፉን ያፈኑት ይመስላል፣ እሱም ዝም አለ።

ሞረድ ክብሪቱን አወጣ። ሊጭር ሲል እጁ ቆመ። ዞር ብሎ አያት።

"ልክ ነው?" አላት።

ሊያሾፍባት አልነበረም። የጠየቃት የሱቁን ሰው ነው፤ ከኋላ የሚቆመውን። ከጥቂት ደቂቃ በፊት አሳልፎ የሰጣት ሰው ዓይኑ ላይ ጥርጣሬ አልነበረም። ለምን እንደሚያምናት ትንሽ ግራ ገባት፤ ወዲያው ገባት። በሌላ በሌላው ስንት ጊዜ ተጨቃጭቀዋል፣ ተሰዳድበዋል፤ በዚህ ነገር ላይ ግን በሱቁ ውስጥ የዋሸ ሰው የለም። እሷም፣ እሱም፣ አባቷም።

በአንድ ትንፋሽ ስንት ነገር ይታሰባል! "ውሃ የለውም" ካለች ይሞላዋል፤ በሩ በአሥራ ሁለት ደቂቃ ይወድቃል፤ አርባ ሦስት ሰው ግድግዳ ሥር ይቆማል። ዝም ካለች ይጠራጠርና ራሱ ይፈትሻል። በርሜሉ ከእሷ ሦስት እርምጃ ብቻ ነው የሚርቀው፤ ቢፈነዳ እሷንም ያገኛታል። ተንፏቃ ልትሸሽ ብትሞክር ሞረድ ያውቅባታል። መዋሸት አለባት፣ ፊቱን እያየች፣ ሳትንቀሳቀስ። ሚስቱን ታውቃታለች። ሁለቱን ሴት ልጆቹን ታቅፋ ታውቃለች።

እግዚአብሔርን ቶሎ በል አላለችውም። "አንዴ ዞር በልልኝ" አለችው።

"ልክ ነው" አለች ጮክ ብላ።

ሞረድ ራሱን ነቀነቀ፣ እንደ ድሮው፣ አመስግኖ። ክብሪቱን ጫረ።

መቁረጫው ተለኮሰ። የመጀመሪያው ማጠፊያ ቀላ፣ ግማሹ ድረስ ተቆረጠ። በያጇ አሁን ይሳሳት ይሆን የሚል ተስፋ መጣባት፤ ተስፋው ለእሱ ይሁን ለእነሱ እስከ ዛሬ አልለየችውም። ከዚያ የሞረድ እጅ ሮጠ። መቁረጫውን ብረቱ ላይ አስጠጋው፣ አፍንጫው ታፈነ፣ እሳቱ ጧ ብሎ ወደ ውስጥ ጠፋ። ጎማው ሲያፏጭ ሰማች። ሞረድም ሰማ። ወደ ቆርቆሮዋ ዞር ሲል አየችው።

ፍንዳታውን አልሰማችውም። መጀመሪያ መሬቱ ገፋት፣ ቀጥሎ ግድግዳው፣ ቀጥሎ ነጭ ነገር። ዓይኗን ስትከፍት ጭሱ ከደረጃው ላይ ተነስቶ ነበር። አለቃው ከወገቡ በላይ አልነበረም። ቀይ ሹራቡ በሩ ላይ ተለጥፎ ቀስ እያለ ይንሸራተታል፤ አንገቱ ውስጥ የበርሜሉ ክዳን ተሰክቷል። ሌሎች ሁለት ሰዎች ደረጃው ላይ ወድቀዋል፤ አንዱ አንጀቱን በሁለት እጁ ሰብስቦ አፉን ይከፍታል፣ ይዘጋል። የተረፉት ከባድ መሣሪያ የተተኮሰባቸው መስሏቸው እግሬ አውጪኝ ብለዋል። ጀርባዋ ተለብልቧል። ጭኗ ላይ እንደ ማንኪያ የታጠፈ ብረት ቆሟል፤ እንዳታወጣው አባቷ ያስተማራት ትዝ አላትና ተወችው።

መወርወሪያዎቹ ከውስጥ ተሳቡ። በሩ የቀይ ሹራቡን ሬሳ እየገፋ ወደ ውጭ ተከፈተ። ሰዎቹ እየተደናበሩ ወጡ፤ የሽማግሌው እጅ በሴት ነጠላ ተጠቅልሏል። እናቷ ደረጃውን ወርዳ እሷን ፊቷን ይዛ ስታገላብጣት አፏ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ ግን የለም። ቆይቶ የግራ ጆሮዋ ተከፈተ።

"...ፈረደልን! እግዚአብሔር ፈረደልን፣ ልጄ!"

"እማዬ፣ አንሺኝ።"

ሞረድ ከጋሪው ስብርባሪ አጠገብ በጀርባው ነው። ፊቱ በአንድ በኩል የለም። ደረቱ ሲነሳ አረፋ ይወጣዋል። እናቷ በቀረው ፊቱ ለየችው፤ አጠገቡ ተቀመጠች። "ወይኔ ልጄ" አለችው፤ ጠመንጃውን አይታ፣ አይታም ደገመችው፣ "ወይኔ ልጄ፣ አንተ ነህ?"

ሞረድ ግን የሚያየው በያጇን ነው። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ ጎንበስ ብላ ደህናውን ጆሮዋን ሰጠችው።

"ረሳሽው?" አላት።

አዎ ብላ ልትተወው ትችል ነበር። ረሳሁት ማለት ምን ይከብዳል? ሰው ተደብድቦ ይረሳል። በሰላም ይሄድ ነበር።

"አልረሳሁም" አለችው። "ውሃው ሲፈስ አይቻለሁ።"

የቀረችው ዓይኑ ፊቷ ላይ ቆየች። ተቆጥቶ እንደሆነ፣ ገብቶት እንደሆነ አላወቀችም። "እ" አለ፣ ዋጋ የተነገረው ሰው እንደሚለው፤ ከዚያ አረፋው ቆመ። እናቷ ከእሷ ወደ እሱ፣ ከእሱ ወደ እሷ አየች። ስለ ውሸት ስንት ዓመት ስትመክራት የኖረች ሴት ናት። አሁን ግን ዓይኑን በመዳፏ ከደነችለትና "ተነሺ፣ እግርሽ እየደማ ነው" አለቻት።

የሸሹት ሌላ ጭፍራ ይዘው እንደሚመለሱ ሕፃንም ያውቀዋል። በወንዙ በኩል ባለው መንገድ ከከተማ ወጡ፣ ሽማግሌና ሕፃን እየደገፉ፣ በቀትር ፀሐይ። ከመጨረሻዎቹ ቤቶች ሲያልፉ ሽማግሌው የታሰረ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ቀረባት።

"ልጄ፣ እግዚአብሔር በእጅሽ ተአምር ሠርቷል። የምስጋናውን ጸሎት አንቺ ምሪን።"

"ተአምር አይደለም ጋሼ። ዋሽቼ ነው የገደልኳቸው።"

"እሱን በኋላ እንነጋገርበታለን።"

"በኋላ ማን እንደሚኖር ምን ይታወቃል? እሺ፣ እመራለሁ። ሳንቆም ግን።"

ሰዎቹ እየሄዱ ጸጥ አሉ። በያጇ በእናቷ ትከሻ ላይ ተደግፋ እያነከሰች ጀመረች።

"ጌታ ሆይ፣ አርባ ሦስቱ እዚህ አሉ። እኔም አለሁ። ላመሰግንህ ስል አፌ እምቢ ብሎኛል፤ ስለዚህ ያለውን ልንገርህ። ሞረድ የምንለው ሰውዬ ሚስትና ሁለት ሴት ልጆች አሉት፤ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ነው ቤታቸው። ከእንግዲህ እቤት አይገባም። የሌሎቹን ሰፈር አላውቀውም፣ አንተ ታውቀዋለህ። ከእኛ ማንም ሄዶ አይነግራቸውም፤ አንተ ሂድላቸው። እኔን ደግሞ በጠየቅኸኝ ጊዜ አልክድህም። እስከዚያው እነዚህ ሰዎች ዘንድ ቆይ፣ ውሃ እንኳ አልያዙም።"

አቆመች። አሜን የሚል ጠፋ። ከፊት የሚሄድ፣ ወንድሙ በትምህርት ቤቱ መጋዘን የተገደለበት አንድ ሰው ዞር ብሎ ገላመጣትና ምራቁን ተፍቶ እርምጃውን አፈጠነ። ሽማግሌው አቀርቅሯል። እናቷ አፏን ከፍታ ዘጋች፤ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው እስኪቀድማት ጠበቀች።

በያጇም ጠበቀች። ከዚያ ራሷ "አሜን" አለችና የቆሰለውን እግሯን ጎትታ ቀጠለች።